የጓዳችን በር

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለውን ተረት ከሕፃንነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬአለሁ፤ ትርጉሙ የገባኝ ግን ባለፈው ኅዳር በገዛ ቤታችን ግድግዳ ላይ ነው።

ሸጎሌ ያለው ቤታችን የጭቃ ቤት ነው። ከሳሎኑ ወደ ጓዳው በሚያስገባው ክፍተት ላይ መጋረጃ እንጂ በር አልነበረበትም። በጓዳው የምንተኛው አያቴና እኔ ነን። እርሳቸውን የእንጦጦ ብርድ ያስላቸዋል፤ እኔንም ለ12ኛ ክፍል ፈተና ሳነብ የሳሎኑ ወሬ ያውከኛል። አባቴ ይህን አይተው ከመርካቶ ምናለሽ ተራ ያገለገለ የዝግባ በር ገዝተው መጡ።

የበሩ ስፋት 80 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ክፍተቱ ግን 76 ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ከፍታውም አነሰ። «በሩን እንቁረጠው» ብል አባቴ «ዳሩ ከተነካ መጋጠሚያው ይላላል» ብለው ከለከሉኝ። ስለዚህ ግድግዳውን ማስፋት ግድ ሆነ፤ አናጢውም ለእሑድ ተቀጠሩ።

እኔ ግን እሑድን መጠበቅ አቃተኝ። ዐርብ ከሰዓት በኋላ አባቴ ሥራ ሳሉ «4 ሳንቲ ሜትር ምን አላት!» ብዬ ጭቃውን ፈነቀልሁና በክፍተቱ ዳር የቆመውን የባሕር ዛፍ ቋሚ በመጋዝ እቆርጥ ጀመር። ከግማሽ በላይ እንዳለፍሁ እንጨቱ መጋዙን ነክሶ ያዘው። ከላይ ሲጥ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ አፈርም ከኮርኒሱ በአያቴ አልጋ ላይ ተበተነ። አያቴ አልጋው ላይ ተቀምጠው ነበር፤ መውጫቸውም ያው እኔ የቆረጥሁት በር ነው።

እርሳቸው ግን አልጮኹም። «ልጄ፥ መጋዙን ተወው። ሄደህ የልብስ ማስጫውን ባላ አምጣ» አሉኝ። ሮጬ አመጣሁና ከአግዳሚው እንጨት ሥር አስገብቼ አጠበቅሁት። ከዚያ እጃቸውን ይዤ በባላው አጠገብ አሳለፍኋቸው። ከእርሳቸው እጅ ይልቅ የእኔ እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ማታ አባቴ ሲገቡ አያቴ ቀድመው «እኔ ነኝ ያዘዝሁት» አሉ። ዝም ብል የምድን መስሎኝ ነበር፤ ነገር ግን የእርሳቸውን ፊት አይቼ ዝም ማለት አልቻልሁም፤ ሁሉን ተናገርሁ። አባቴ ባላውን በእጃቸው ነቅነቅ አድርገው ጽናቱን አዩና «አናጢው እስኪመጡ ማንም እዚያ አይተኛ» ብቻ አሉ።

እሑድ አናጢው መጥተው መጀመሪያ ያነሡት መጋዝ አልነበረም። አግዳሚውን በሁለት ወፍራም እንጨት ደገፉት። ቀጥለው እየለኩ «በር የሚለካው ከነመቃኑ ነው» አሉኝ። በግራና በቀኝ ለመቃኑ 4፥ 4 ሳንቲ ሜትር፥ ለማስተካከያ ደግሞ 1፥ 1 ሲጨመር የሚያስፈልገው 90 ሆነ። እኔ 4 ያልሁት 14 ነበረ! ከዚያም ፈቀቅ ብሎ አዲስ ቋሚ ተከሉ፤ ጉበኑን ከፍ አድርገው አሳረፉበት፤ በቱንቢ አቃኑት። አሮጌውን ቋሚ የቆረጡት ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ድጋፉም የተነሣው በመጨረሻ ነው። የቀረውን ክፍተት እኔ በጭድ በተቦካ ጭቃ መረግሁት።

ዛሬ በሩ ያለ ችግር ይከፈታል፥ ይዘጋል። ባላውም ወደ ልብስ ማስጫው ተመልሷል። ውድ የትምህርት ቤት ጓደኞቼ፥ አንድን ቋሚ ከመቁረጣችሁ በፊት ምን እንደተሸከመና ከሥሩ ማን እንደተቀመጠ አስቀድማችሁ ጠይቁ።