ከቆቦ፣ በሶለል ሰሞን

ቆቦ፣ እሑድ ነሐሴ 19 ቀን 2011 ዓ.ም.

ይድረስ ለእናቴና ለእህቴ፤

እማዬ፣ መንገዱ ሰላም ነበር፤ አታስቢ። ከወልድያ ወዲህ ጎብዬንና ሮቢትን አልፈን ስንወርድ ሙቀቱ ፊቴን ጠበሰው እንጂ ሌላ የነካኝ የለም። አባዬ የደም ግፊት መድኃኒቱን እየዋጠ ነው? ጨውስ ቀንሷል? እውነቱን ጻፉልኝ።

መጀመሪያ የገባሁበት ሆቴል አልጋው 200 ብር ነበር። እንግዳ ተቀባዩ መታወቂያዬን አገላብጦ አየና «ብቻዋን ለመጣች ሴት አልጋ የለንም» አለኝ። ቁልፎቹ ከኋላው ተደርድረው ተሰቅለዋል። ምንም አልመለስኩለትም፤ ሻንጣዬን ይዤ አስፋልቱን ስሻገር ግን እንባዬ መጣ። አሁን አንዲት እናት ግቢ ውስጥ በ120 ብር ከነአጎበሩ ክፍል አግኝቻለሁ። ማታ ማታ በሬን አንኳኩተው መቆለፌን ሳያረጋግጡ አይተኙም።

የፍልሰታ ጾም ሐሙስ ተፈታ፤ ማግሥቱ ዓርብ ስለነበረ የፍየል ጥብሱ እስከ ትናንት ጠበቀኝ። በማሽላ እንጀራ፣ 100 ብር። አዲስ አበባ በዚህ ዋጋ እንዲህ ያለ ሥጋ ማን ይሰጣችኋል! ሽሮው ግን የአንቺን አይሆንም፣ እማዬ። ሰሞኑን ቀርቦልኝ ሳለ ደጋግሜ ወደ በሩ ሳይ ነበር፤ ሚጥሚጣውን ይዘሽ የምትገቢ ይመስለኛል።

የወንድማችን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ወጣ? ካልወጣ አትጨቅጭቁት።

እህትዓለም፣ ሶለልን በቴሌቪዥን አይተሽ አየሁት እንዳትዪ። ሰቆጣ ሻደይ፣ ላስታ አሸንድዬ፣ ትግራይ አሸንዳ የሚሉት እዚህ ሶለል ነው። ከነሐሴ 16 ጀምሮ ከተማዋ የልጃገረዶቹ ሆናለች። ሹሩባ ተሠርተው፣ ተኩለው፣ ጥልፍ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ወገባቸውን በለምለም ሣር ታጥቀው፣ ከበሮ ይዘው ከቤት ቤት ይዞራሉ። ባለግቢዋ እናት እንደነገሩኝ ሣሩ ርግብ የጥፋት ውኃ መጉደሉን ለኖኅ ያበሰረችበት ቅጠል መታሰቢያ ነው። በዓሉን ከእመቤታችን ዕርገት ጋር የሚያያይዙትም አሉ፤ ፍልሰታ ሲፈታ መጀመሩ ለዚህ ነው ይላሉ።

አስፋልቱ ላይ ሲደርሱ ክብ ይሠራሉ። ባጃጅ ይቆማል፣ አይሱዙ ይቆማል። ሹፌሩ ሳይሰጥ አያልፍም፤ ከሰጠ ይመረቃል። ዓመቱን ሙሉ ውኃና እንጨት ተሸክመው ዳር ዳሩን የሚሄዱበትን መንገድ በእነዚህ ቀናት መሐሉን ይዘው ይዘፍኑበታል። እኔ በፎቶ ማንሣት የምፈልገው ይህን ነው፤ ለዚህ ስል አሥር ጊዜ እመለሳለሁ።

ረፋድ ላይ ፀሐዩ የሰው ፊት ያጠፋል። ስለዚህ ማለዳና ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ነው የምሠራው። ከሰዓት በኋላ የዞብል ተራራ በምሥራቅ ከኋላቸው ይሆናል፤ ከምዕራብ የሚመጣው ብርሃን ፊታቸውን ያሞቀዋል። ከበሮ መቺዋ አንገቷን ስታዘነብል ያነሣኋትን ብታዪ! በሸራ ሳልሠራት አልቀርም። ኤግዚቢሽኔን የምከፍተው በእሷ ነው፤ ይህን ከአሁኑ ለሁሉም ንገሪልኝ።

ትናንት አንድ ባለካሜራ እንግዳ የአንዲቷን ልጅ አገጭ በእጁ አቃንቶ «ሳቂ» ሲላት አየሁ። ልጅቷ ዘፈኗን አቋረጠች። ደሜ ፈላ፤ ሄጄ እጁን አስለቀቅኩት፤ ሰደበኝም። የሰው ልጅ በዓሏን እያከበረች እንደ ዕቃ ትነካለች? እኔ ሳልጠይቅ አላነሣም፤ ካነሣሁ በኋላም ስክሪኑን አሳያቸዋለሁ። ያቺው ልጅ የራሷን ፎቶ አየችና «ይቺን ለእናቴ ታመጪልኛለሽ?» አለችኝ። ቃል ገባሁላት፤ ጓደኞቿም ሰምተው ተሰለፉ።

ማታ መብራት ይጠፋል። ከበሮው ከሩቅ ሲሰማኝ ደስ ይለኛል፤ ጸጥ ሲል ግን እናንተን አስባለሁ። የጓዳው ጣሪያ ዘንድሮም ያፈሳል? አባዬ ራሱ እንዳይወጣበት፣ አደራ።

እህትዓለም፣ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሜሞሪ ካርድ በሰው ልኬልሻለሁ። ኔትወርኩ ፎቶ የሚያስልክ አይደለም። «ለእናቶች» ብዬ የለየኋቸውን ፒያሳ ወስደሽ በ13 በ18 አሳጥቢልኝ፤ ሌሎቹን አትንኪ። ልጆቹ ብዙዎቹ የገጠር ናቸው፤ በዓሉ ሲያበቃ ወደየቀበሌያቸው ይበተናሉ፤ ስለዚህ ፎቶው እስከ ጳጉሜን በወልድያ አውቶቡስ መድረስ አለበት። ብር ካነሰሽ ከእማዬ ውሰጂ፤ ለእንቁጣጣሽ ስመጣ እከፍላለሁ።