መትከልና ማጽደቅ

ባለፈው ዓመት በሐምሌ ወር፣ በሃያ ሁለት አካባቢ ከመንገድ ዳር አንዲት የወይራ ችግኝ በእጄ ተክዬ ነበር። ጭቃውን ታጥቤ ወደ ቤቴ ስመለስ ለአገሬ አንድ ቁም ነገር የሠራሁ መስሎኝ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ከዚያ በኋላ ግን ረሳኋት።

በየካቲት ፀሐይ በዚያው ሳልፍ አንድ አዛውንት የከተማው አትክልት ሠራተኛ በችግኟ ላይ አጎንብሰው አገኘኋቸው። ከድጋፍ እንጨቷ ጋር የታሰረችበት ሽቦ እየፋቀ ቅርፊቷን ልጦታል። እርሳቸውም ሽቦውን ፈትተው፣ ዙሪያዋን ኮትኩተው ውኃ አጠጧት። «አባቴ፣ ትተርፍ ይሆን?» ብላቸው፣ «ልጄ፣ መትከልማ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ የሚያጸድቀው የበጋ ውኃ ነው» አሉኝ። ሽቦውን ያሰርሁት እኔ መሆኔን ለመናገር አፈርሁ።

አዲስ አበባ የዛፍን ውለታ ልትረሳ አይገባትም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የማገዶ እንጨት እያለቀ በመሄዱ ዋና ከተማው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ታስቦ ነበር፤ በስፍራዋ እንድትጸና ከረዷት ነገሮች አንዱ ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮም በአረንጓዴ ዐሻራ በየክረምቱ ብዙ ችግኝ ይተከላል። ዳሩ ግን ሥሩን በሲሚንቶ ካፈንነው፣ ለኤሌክትሪክ ሽቦ ስንል ቅርንጫፉን እንዳገኘን ከጨፈጨፍነው፣ በበጋም ውኃ ከነፈግነው ድካማችን ከንቱ ነው።

ቋንቋችን ለተክልም ለነፍስም «መጽደቅ» የሚለውን አንድ ቃል መስጠቱ ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ እሑድ እሑድ አንድ ጀሪካን ውኃ ይዤ እወርዳለሁ። ወይራዪቱ ግን ገና አዲስ ቅጠል አላወጣችም።