ከናይሮቢ እስከ ሞምባሳ፤ የሁለት ተማሪዎች የዕረፍት ጊዜ ጕዞ

በውጭ አገር ለሚማር ሰው የዕረፍት ጊዜ ሲደርስ ሁለት አሳብ ይቀርብለታል። አንደኛው ወደ አገሩ ገብቶ ከዘመዶቹ ጋር መሰንበት ነው፤ ሁለተኛው የተቀመጠበትን አገር ዞሮ ማየት ነው። ሁለቱም መልካም ናቸው። ነገር ግን ከተማሪዎች ብዙዎቹ ከትምህርት ቤታቸው ግቢና ከመኖሪያ ክፍላቸው በቀር ሌላ ሳያውቁ የምስክር ወረቀታቸውን ይዘው ይመለሳሉ። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» እንደሚባለው፣ የአገሩን ቋንቋ ሳይሞክር በሰው አገር የሚኖር እንግዳም ብዙ ነገር ይቀርበታል።

እኛ በናይሮቢ ከተማ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የምንማር ባልና ሚስት ነን። ይህን ጽሑፍ ሁለታችን ተባብረን ስለ ጻፍነው «እኛ» እንላለን፤ ለይቶ መናገር ሲያስፈልግ ግን «ባልየው» እና «ሚስቲቱ» እያልን እንጽፋለን። ዓመታቱንም ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እንጠቅሳለን።

በታኅሣሥ ወር የሦስት ሳምንት ዕረፍት በተሰጠን ጊዜ የባሕሩን ዳር አገር ለማየት ቈረጥን። ያጠራቀምነው ገንዘብ ብዙ አልነበረም። ባልየው ሞምባሳን፣ ዛንዚባርንና ዳሬሰላምን በተከታታይ ለማየት ፈለገ። ሚስቲቱ ግን ሦስቱን ከተማ በሩጫ ከማየት በአንዱ ተቀምጦ ከሰዉ ጋር መነጋገር ይበልጣል አለች። እርሷ ከዚያ በፊት ስድስት ወር ያህል ማታ ማታ የስዋሒሊ ቋንቋ ስትማር ቈይታ ነበርና የተማረችውን ለመፈተን ትመኝ ነበር። ከጥቂት ክርክር በኋላ ሒሳቡም ከእርሷ ጋር ስለ ቆመ ሞምባሳን መረጥን።

በምድር ባቡር

ወደ ሞምባሳ የሚሄደው ባቡር የሚነሣው ከናይሮቢ መካከል ወጣ ብሎ ከተሠራው ታላቅ ጣቢያ ነው። መንገደኛው ከመግባቱ በፊት ሻንጣውን በመስመር አስቀምጦ ወደ ኋላ ፈቀቅ ይላል፤ የፖሊስ ውሾችም ዕቃውን አንድ በአንድ እያሸተቱ ያልፋሉ። በየመካከለኛው ጣቢያ እየቆመ የሚሄደው የጧቱ ባቡር በሁለት ሰዓት ተነሣ።

ከፊታችን የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ሰዓቱን ሲነግሩን «ሳ ምቢሊ» አሉን፤ ትርጕሙ ሁለት ሰዓት ማለት ነው። የስዋሒሊ ተናጋሪዎች ልክ እንደ እኛ ቀኑን የሚቈጥሩት ከፀሐይ መውጣት ጀምረው ነው። ጧት አንድ ሰዓት «ሳ ሞጃ»፣ ቀትር ስድስት ሰዓት «ሳ ሲታ» ይባላል። ከአውሮፓ የሚመጣ እንግዳ በዚህ አቈጣጠር ቀጠሮውን ሲያዛባ ይታያል፤ ለእኛ ግን እንደ አገር ቤት ሆነልን።

ሚስቲቱ ከሽማግሌው ጋር ስትነጋገር ሌላም ዝምድና አገኘን። ደቂቃን «ዳኪካ»፣ ሒሳብን «ሔሳቡ»፣ ባሕርን «ባሐሪ»፣ ደምን «ዳሙ»፣ ስኳርን «ሱካሪ» ይሉታል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ስዋሒሊ በሰዋስዉ የባንቱ ቋንቋ ነው፤ ነገር ግን በባሕር ንግድ ምክንያት ከዓረብኛ አያሌ ቃላት ተቀብሏል። ዓረብኛና አማርኛ ደግሞ ሁለቱም ከሴም ቋንቋዎች ወገን ናቸው። አንዳንዱ ቃል ግን ትርጕሙን ለውጦ ይገኛል። በእኛ ዘንድ «ክታብ» በአንገት የሚታሰር ነው፤ በእነርሱ ዘንድ «ኪታቡ» ማንኛውም መጽሐፍ ነው።

ይህ አዲስ ባቡር ሥራ የጀመረው በ2017 ነው። አሮጌውን መስመር እንግሊዞች በ1896 ከሞምባሳ መዘርጋት ጀምረው በ1899 ዛሬ ናይሮቢ ካለችበት ቦታ አደረሱት። ናይሮቢም ከተማ የሆነችው በዚሁ ምክንያት ነው፤ የባቡር ሠራተኞች ሰፈርና የዕቃ ማከማቻ ሆና ጀመረች። የድሬዳዋን ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም፤ ድሬዳዋም ከጅቡቲ የመጣው ሐዲድ በ1902 ሲደርስ የተቈረቈረች ናት። ሁለቱም አሮጌ ሐዲዶች ስፋታቸው አንድ ሜትር ነበር፤ በጐናቸው የተሠሩትን አዲሶቹን መስመሮች ደግሞ በሁለቱም አገር የቻይና ኩባንያዎች ሠርተዋቸዋል።

ባቡሩ ከደጋው ወደ ቈላው ሲወርድ ሣሩ እየሳሳ፣ ምድሩ እየቀላ ሄደ። የጻቮን የአራዊት ጥብቅ አገር አቋርጠን ስናልፍ ዝሆኖች አየን፤ በቀዩ አፈር ስለሚታጠቡ ቀይ ቀለም የተቀቡ ይመስላሉ። አራዊቱ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው እንዲያልፉ በሐዲዱ ሥር ሰፋፊ መሿለኪያ ተሠርቶላቸዋል። በ1898 በዚሁ በጻቮ ወንዝ ድልድይ ሲሠራ ሁለት አንበሶች ሠራተኞቹን እየበሉ ሥራውን አስቁመው እንደ ነበር ሽማግሌው አጫወቱን። ከሰዓት በኋላ ሞምባሳ ደርሰን ከባቡሩ ስንወርድ የባሕሩ ወበቅ ተቀበለን።

በአሮጌው ከተማ

ሞምባሳ በደሴት ላይ የተሠራ ከተማ ነው። በአሮጌው ሰፈር መንገዱ ጠባብ ነው፤ ቤቶቹ ሰገነት አላቸው፤ በሮቻቸውም በቅርጽ ያጌጡ ናቸው። እኛም በዚሁ ሰፈር ከአንዲት ባልቴት አንድ ክፍል ተከራየን። እንደ አገሩ ደንብ «ማማ» እያልን እንጠራቸው ነበር። በስዋሒሊ አገር ታናሽ ለታላቁ በመጀመሪያ «ሺካሞ» ብሎ እጅ ይነሣል፤ ታላቁም «ማራሐባ» ብሎ ይመልሳል። ሚስቲቱ በመጀመሪያው ማታ ይህን ባለች ጊዜ ባልቴቲቱ ሣቁ፤ በማግሥቱም ጧት በኮኮናት ወተት የተቀቀለ የእርግብ አተርና «ማሐምሪ» የሚሉትን ትኩስ ጥብስ ዳቦ ይዘው መጡልን። የቤት ኪራዩ ውል ይህን አይጨምርም ነበር።

ማታ ማታ ቡና ሻጮች ከሰል በተቀጣጠለበት ማንቈርቈሪያ ጥቍር ቡና ይዘው ይዞራሉ። የሚቀዱበት ሲኒ እንደ እኛው ሲኒ እጀታ የሌለው ትንሽ ነው። ስሙንም «ካሐዋ» ይሉታል። ሰዉ በድንጋይ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ የቀኑን ወሬ ያወራል፤ እንግዳም ከተቀመጠ ወሬው ይደርሰዋል።

ከባሕሩ አፋፍ ላይ የቆመው የኢየሱስ ምሽግ ከ1593 እስከ 1596 በፖርቱጋሎች ተሠራ። ከዚያ በፊት በ1498 ቫስኮ ዳ ጋማ በዚሁ በኩል አልፎ ወደ ሕንድ ሄዷል። የእርሱ ልጅ ክሪስቶቫው ዳ ጋማ በ1541 ከ400 ያህል ወታደሮች ጋር ኢትዮጵያን ለመርዳት መጥቶ በማግሥቱ ዓመት የሞተው ነው። የዖማን ዓረቦች ምሽጉን በ1696 ከበው ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ በ1698፣ ያዙት። ለተከበቡት ርዳታ ይዛ መጥታ በ1697 ከሰጠመችው የፖርቱጋል መርከብ የወጡ ዕቃዎች ዛሬ በምሽጉ ውስጥ ባለው ቤተ መዘክር ይታያሉ። ምሽጉ በ2011 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

የሚስቲቱ ሕመም

በገባን በ13ኛው ቀን ሚስቲቱ ብርድ ብርድ አላት። ወዲያውም ትኵሳቱ በረታ፤ ራስ ምታትም ያዛት። ባልየው ደጋ ተወልዶ ያደገ ስለሆነ የንዳድን ነገር በወሬ እንጂ በዐይኑ አያውቅም ነበር። ባልቴቲቱ ግን ግንባሯን ዳስሰው «ሖማ» አሉ፤ ትኵሳት ማለት ነው። የልጃቸውንም ልጅ አስከትለው ወደ ቅርቡ የሕክምና ቤት ላኩን።

በዚያ ያገኘናት ነርስ በእንግሊዝኛ ለመጠየቅ ስትጀምር ሚስቲቱ ከሕመሟ ጋር እየታገለች በስዋሒሊ መለሰችላት፤ መቼ እንደ ጀመራት፣ የት የት እንደሚያማት፣ ምን መድኃኒት እንደማይስማማት ተናገረች። ነርሷም ፊቷ በርቶ «ፖሌ፣ ዳዳ» አለቻት። «ዳዳ» እኅት ማለት ነው፤ «ፖሌ» ደግሞ እኛ «አይዞሽ» እንደምንለው ያለ ቃል ነው። ከጣቷ ጫፍ አንድ ጠብታ ደም ተወሰደ፤ ሩብ ሰዓት ያህል ቈይቶም ወባ መሆኑ ተረጋገጠ። ሐኪሙ እንዳስረዳን ወባ ትንኟ ከነከሰች በኋላ ሰባት ቀን ወይም ከዚያ በላይ ቈይቶ ነው የሚነሣው። ለሦስት ቀን የሚዋጥ፣ ጧትና ማታ ከምግብ ጋር የሚወሰድ ክኒን ሰጣት።

በመጀመሪያው ሌሊት ባልየው አጐበሩን ከልሎ፣ ውሃ እያጠጣ፣ ትኵሳቷን እየለካ አደረ። ገንዘባችንም እያለቀ ነበር፤ የባሕር ዳር ሆቴል ለማደር ያስቀመጥነው ለሕክምናና ለመድኃኒት ሄደ። ባልቴቲቱ የሦስት ቀኑን ኪራይ አንቀበልም አሉ። በሦስተኛው ቀን ትኵሳቱ ለቀቃት፤ በአምስተኛውም ቀን በእግሯ መሄድ ጀመረች።

በኒያሊ ያለው መቃብር

የቀረንን ጥቂት ቀን ለምን እንደምናውለው ስንመካከር ሚስቲቱ በኒያሊ በኩል ያለውን የሮዚን ክራፕፍን መቃብር ማየት እፈልጋለሁ አለች። ድልድዩን ተሻግረን ሄድን።

የሮዚን ባል ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ጀርመናዊ ሚሲዮናዊ ነበር። ከ1839 እስከ 1842 በሸዋ፣ በአንኮበር፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ኖሮ አማርኛና ኦሮምኛ ተምሯል። ባልደረባው ካርል ቪልሄልም ኢዘንበርግ በ1841 የአማርኛን መዝገበ ቃላት፣ በ1842 ሰዋስዉን አሳትሟል። ክራፕፍ በ1842 በግብፅ ሮዚንን አግብቶ ከእርሷ ጋር ወደ ሸዋ ሊመለስ ቢሞክር መንገዱ ተዘጋበት። በትግራይ በኩል ለመግባት ሲጓዙ ሮዚን በበረሓ ሴት ልጅ ወለደች፤ ሕፃኗም ወዲያው ሞተች። ስሟንም በአማርኛ «እንባ» አሏት።

ባልና ሚስቱ በ1844 ሞምባሳ ደረሱ። በሐምሌ ወር ሮዚን ሌላ ሴት ልጅ ወልዳ ሳለ ንዳድ ያዛትና ሞተች፤ ሕፃኗም ጥቂት ቀን ቈይታ ተከተለቻት። ክራፕፍ ራሱ በዚያው ሕመም ተኝቶ ነበር። በዚያ ዘመን የወባን ምክንያት የሚያውቅ ሰው በዓለም አልነበረም። አልፎንስ ላቬራን የበሽታውን ነፍሳት በደም ውስጥ ያየው በ1880 ነው፤ ሮናልድ ሮስ ትንኝ እንደምታስተላልፈው ያስረዳው በ1897 ነው። ሚስቲቱ የዋጠችው መድኃኒት ደግሞ የመጣው ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከአንድ ቅጠል ካወጣችው ነገር ነው፤ በ2015 የኖቤል ሽልማት ያገኘችበት ነው።

በመቃብሩ አጠገብ ብዙ አልተነጋገርንም። ሚስቲቱ ዝቅ ብላ «ፖሌ» አለች። ባልየውም የሚስቲቱን እጅ ይዞ ቆመ። ከጥቂት ቀን በፊት በአንድ ጠብታ ደምና በጥቂት ክኒን የተፈታው ችግር ለእነዚያ ሁለት መንገደኞች መፍትሔ እንዳልነበረው ሁለታችንም እናስብ ነበር።

ክራፕፍ ከዚህ ሐዘን በኋላ አገሩን ትቶ አልሄደም። በ1846 ከባልደረባው ከዮሐንስ ሬብማን ጋር ከሞምባሳ 20 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው በራባይ ተቀመጠ፤ በ1850 የስዋሒሊን ሰዋስው አሳተመ፤ መዝገበ ቃላቱም ከሞተ በኋላ በ1882 ወጣ። በመጨረሻው ቀን ወደ ራባይ ወጥተን የኖረበትን ቤትና ቤተ መዘክሩን አየን። በዚያ አካባቢ ሚጂኬንዳ የሚባሉት ሕዝቦች «ካያ» የሚሏቸው የተከበሩ ደኖች አሉ፤ በ2008 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ሽማግሎች ስለሚጠብቋቸው በእነርሱ ውስጥ ዛፍ አይቈረጥም። በአገራችን በየደብሩ ዙሪያ የቀረውን ጥንታዊ ደን አስታወሱን።

ለተከታዮቻችን

ከዚህ ጕዞ ያተረፍነውን በአጭሩ እንናገር። በዕረፍት ጊዜ የሚጓዙ ባልና ሚስት ወይም እጮኛሞች ገንዘባቸውንና አሳባቸውን ከመነሣታቸው በፊት ይግለጡ፤ ከተነሡ በኋላ የሚደረግ ክርክር መንገድን ያስረዝማል። ወደ ቈላ የሚወርድ ሰው አጐበር ይያዝ፤ ትኵሳት ከተሰማውም በዚያው ቀን ይመርመር፤ ከተመለሰ በኋላም ቢሆን ወደ ቈላ ወርዶ እንደ ነበር ለሐኪሙ ይንገር።

ከሁሉ በላይ ቋንቋውን ይማር። አዲስ ቋንቋ የሚማር ሰው ስሕተቱን ፈርቶ ዝም ማለት የለበትም። ሚስቲቱ በሕክምና ቤት የተናገረችው ስዋሒሊ በሰዋስው ፈተና ቢቀርብ ሙሉ ነጥብ አያገኝም ነበር። ነገር ግን ነርሷ እኅቴ እንድትላት፣ ባልቴቲቱም እንደ ልጃቸው እንዲያዩዋት አደረጋት። ወደ ናይሮቢ ስንመለስ ኪሳችን ባዶ ነበር። ባልየው ግን በባቡሩ ውስጥ የሚስቲቱን ደብተር ተቀብሎ ከመጀመሪያው ገጽ ማጥናት ጀመረ።