አሥር ደቂቃ የነደደው እሳት

እ.ኤ.አ. ማርች 17 ቀን 2000 ምሽት፣ በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ግዛት አልበከርኪ ከተማ፣ መብረቅ የኤሌክትሪክ መስመር መታና የፊሊፕስ ቺፕ ፋብሪካ ውስጥ እሳት ተነሳ። አሥር ደቂቃ ያህል ነድዶ ጠፋ። ቺፕ የሚሠራው ግን ብናኝ በማይገባበት ክፍል ነው፤ ጭሱና የማጥፊያው ውኃ ክፍሎቹን ከጥቅም ውጭ አደረጓቸው።

ከፋብሪካው ትልልቅ ደንበኞች ሁለቱ የፊንላንዱ ኖኪያና የስዊድኑ ኤሪክሰን ነበሩ። የተነገራቸውም አንድ ነው፦ የአንድ ሳምንት መዘግየት።

የኖኪያ ገዥዎች ቃሉን አምነው አልተቀመጡም። ቺፖቹን ለብቻ ለይተው በየዕለቱ ይጠይቁ ጀመር። መዘግየቱ የወራት መሆኑ ሲገለጥ አለቆቻቸው ፊሊፕስ ድረስ ሄደው ከሌሎች ፋብሪካዎቹ ምርት እንዲመደብላቸው ተሟገቱ፤ ከፊሉን ትዕዛዝ ወደ ሌሎች አቅራቢዎች አዞሩ። ኤሪክሰን ዘንድ ነገሩ የበላይ ኃላፊዎች ጆሮ እስኪገባ ሳምንታት አለፉ። ሲገባም መሄጃ አልነበረም፤ ወጪ ለመቀነስ ተብሎ ተጠባባቂ አቅራቢዎች ቀድመው ተሰናብተዋል። ኪሳራው 400 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተገመተ። በቀጣዩ ዓመት የስልክ ሥራውን ከሶኒ ጋር አጣመረ፤ ምክንያቱ እሳቱ ብቻ ባይሆንም።

ታዲያ አቅራቢ መቀነስ ስህተት ነው? አይደለም። ግዥን ጠቅልሎ ለአንድ አቅራቢ መስጠት ዋጋ ያስቀንሳል፤ ለወረቀትና ለወንበር ደግሞ ሌላ ዘዴ መፈለግ ድካም ነው። ፒተር ክራልጂች እ.ኤ.አ. በ1983 ሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው ላይ ባወጣው ጽሑፍ ዕቃን በሁለት ጥያቄ እንለይ ብሎ ነበር፦ ትርፍ ላይ ምን ያህል ይመዝናል? ማግኘቱስ ምን ያህል ያስቸግራል? ኤሪክሰንን የጎዳው ሁለተኛው ነው።

በእኛ መሥሪያ ቤቶችም ቢሆን ለእስክሪብቶም ለጄኔሬተር መለዋወጫም ያው ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፣ ዝቅተኛው ይመረጣል። ገዥው ላይ መፍረድ ይከብዳል። ኦዲተር «ለምን በውድ ገዛህ?» ይለዋል እንጂ «ሁለተኛ አቅራቢ ለምን አልያዝክም?» አይለውም። ለጥንቃቄ ጥቂት ብር የጨመረ ሰው ደብዳቤ ይጻፍበታል፤ መለዋወጫ ጠፍቶ ሥራ ሲቆም ግን ጥፋቱ የማንም አይሆንም።

ኤሪክሰን ከእሳቱ በኋላ የግዥ አሠራሩን ለወጠ። እያንዳንዱ ዕቃ ስንት ምንጭ እንዳለው፣ ቢቋረጥም አቅርቦቱ ለመመለስ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ መመዘን ጀመረ።