እርድ፣ ዝንጅብል እና የእቴቴ ኪኒን

ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

አምና በሁዳዴ ጾም እዚሁ ገጽ ላይ «ህንዶች ለሺህ ዓመታት ልባቸውን የጠበቁባቸው አምስት የጓዳ ቅመሞች» የሚል ነገር ለጥፌ ነበር። እርድ፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ቀረፋ። ከአንድ የእንግሊዝኛ ገጽ ወስጄ፣ አሳጥሬ፣ መጨረሻው ላይ «የደም ስር ያጸዳል» የምትለዋን ከራሴ ጨምሬ። እንደዚያ የተወደደልኝ ጽሑፍ የለም። ስንት ሰው ሼር እንዳደረገው እየቆጠርኩ ነው ያመሸሁት፤ እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር። የባዮሎጂ መምህር መሆኔን ደግሞ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

አክስቴም ታውቃለች። እቴቴ ለትምህርት ከገጠር ስመጣ ተቀብላ ያሳደገችኝ ናት። የደም ግፊት ኪኒን ከጀመረች ሰባት ዓመት አልፏታል። ልጇ ጽሑፌን አነበበችላት። ከፋሲካ በኋላ ኪኒኑን ተወችና በየጠዋቱ እርድና ዝንጅብል በማር መዋጥ ጀመረች። ለማንም አልተናገረችም። ለምን ትናገራለች? ልትጠይቀው የምትችለው ሰው ራሱ ጽፎታል።

ሐምሌ ላይ ቡና እያፈላች ጀበናው ከእጇ ወደቀ። ሆስፒታል ስንደርስ ግፊቷ 210 በ120 ነበር። አፏ ወደ ግራ ተጣሟል፣ ቀኝ እጇ አልታዘዝ ብሏል። ስትሮክ ነው አሉን።

የተቀበለችን ነርስ የድሮ ተማሪዬ ሆና ተገኘች። «ቲቸር፣ መድኃኒታቸውን ለምን አቋረጡ?» አለችኝ። እኔ መልስ ስፈልግ እቴቴ በዚያ በተሳሰረ አንደበቷ «ልጄ... ጽፎታል» አለች። በኩራት እኮ ነው! ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝና ምንም ሳትናገር ሥራዋን ቀጠለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እርዱ አልመረዛትም፣ ይህ ግልጽ ይሁን። የጎዳት የኪኒኑ መቋረጥ ነው። ጽሑፉን አጥፍቼዋለሁ፤ ኮፒ ተደርጎ በቴሌግራም የሚዞረውን ግን ማጥፋት አልችልም። ይህን የምጽፈውም ለዚያ ነው።

ኮሌጅ ሳለሁ ኬሚስትሪ ያስተማረን ህንዳዊ መምህር ነበር። በዋትስአፕ ፈልጌ አገኘሁትና የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። «እናቴ 81 ዓመቷ ነው፤ ማታ እርድ በወተት ትጠጣለች፣ ጠዋት የግፊት ኪኒኗን ትውጣለች። አንዱ የሌላውን ሥራ ሠርቶ አያውቅም» ብሎ መለሰልኝ። ቀጥሎም ስለ አዩርቬዳ መጻፍ ካማረህ መጀመሪያ ቻራካ ሳምሂታን አንብብ አለኝ። የህንዶች ጥንታዊ የሕክምና መጽሐፍ ነው። የእንግሊዝኛ ትርጉሙን አውርጄ ክረምቱን ሳገላብጥ ከረምኩ።

ይበልጥ ያፈርኩት እዚያ ላይ ነው። እኔ የጻፍኩት ነገር መጽሐፉን አይመስልም። የልብ ሕመም እዚያ አንድ ሳይሆን አምስት ዓይነት ነው። ሰውነትን ይመሩታል የሚሏቸው ሦስት ኃይሎች አሉ፤ ቫታ፣ ፒታና ካፋ። ሕመሙ ከአንዱ መዛባት ሊመጣ ይችላል፣ ከሦስቱም በአንድ ላይ ሊመጣ ይችላል፤ አምስተኛው ከትል የሚመጣ ነው ይላሉ። ሐኪሙ መጀመሪያ የትኛው እንደሆነ ይለያል፣ መድኃኒቱ ከዚያ በኋላ ነው። ነጭ ሽንኩርት ራሱ «ሙቀት» አለው ስለሚባል ፒታ ለበዛበትና ደም ለሚፈሰው ሰው አይመከርም። ዛሬ ሐኪሞች ዋርፋሪን ለሚወስድ ሰው በነጭ ሽንኩርት እንክብል ላይ የሚሰጡት ማስጠንቀቂያ ያው የመድማት ነገር ነው። መንገዳቸው ለየቅል ነው፣ ጥንቃቄው ግን ተገናኘ። ህንድ አገር የአዩርቬዳ ሐኪም ለመሆን አምስት ዓመት ተኩል ይማራሉ። እኔ በዲፕሎማዬ በአንድ ምሽት ለስንቱ አዘዝኩ!

አንድ ቦታ ላይ ደግሞ መጽሐፉ ሦስት ነገሮችን አታብዙ ይላል። አንዱ ፒፓሊ ነው፤ የእኛ ጥምዝ ዘመድ የሆነው ረጅሙ ቁንዶ በርበሬ። ሁለተኛው ከአመድ የሚወጣ አልካሊ። ሦስተኛው ጨው! ጨው የሚያበዛ ሰው ያለ ጊዜው ይሸብታል፣ ራሱም ይመለጣል ይላል። (እዚህ ስደርስ ራሴን ዳበስኩ።) ስለ መላጣው ማስረጃ የለኝም፣ ጨውና የደም ግፊት ግን የታወቀ ጉዳይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ቢሆን ነው። የአምስት ቅመሞች ዝርዝር ስጽፍ እቴቴ ቤት በየቀኑ የሚበላውን ጨው አንድም ቃል አላነሳሁም።

አሁን ወጥ ቤቷ ውስጥ ያለው ሥራ ይህ ነው። በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል፣ ወጡ ላይ እንደገና ይጨመራል። ዘንድሮ በርበሬው ያለ ጨው ተፈጨ። «ጨው የሌለው ወጥ የበሽተኛ ወጥ ነው» ብላ ሁለት ሳምንት አኩርፋን ነበር። ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉን፣ በሶብላውን፣ ኮረሪማውን ስናበዛላት ቀስ በቀስ ለመደችው። ቅመም ለልቧ የጠቀመው በዚህ በኩል ነው፤ የጨውን ቦታ ይዞ።

በውስጥ መስመር ለጠየቃችሁኝ ደግሞ፦ የስኳር ኪኒን የምትወስዱ አብሽ በየጠዋቱ ስትጠጡ ለሐኪማችሁ ንገሩ፤ አብሽም ስኳር ስለሚያወርድ ሁለቱ ተደርበው ከልክ በላይ ሊያወርዱት ይችላሉ። እርድን ከቁንዶ በርበሬ ጋር ውሰዱ ብዬ ነበር፤ ቁንዶ በርበሬው ውስጥ ያለው ፒፐሪን የእርዱን ንጥረ ነገር ሰውነት እንዲቀበለው ማድረጉ እውነት ነው። ችግሩ የአንዳንድ መድኃኒቶችንም መጠን በደም ውስጥ ከፍ ማድረጉ ነው። ወጥ ውስጥ የሚገባው አያሳስብም፣ እንክብሉ ነው የሚያሳስበው። ከውጭ የሚመጣላችሁን የአዩርቬዳ መድኃኒት በተመለከተ፣ በ2004 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ቦስተን አካባቢ ከሚሸጡ 70 ዓይነቶች በ14ቱ ውስጥ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ ተገኝቷል። ወጥ ቤት ካለው እርድ ጋር አንድ አታድርጉት።

የአምናውን ጽሑፌን ለቤተሰብ ግሩፕ የላካችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ይሄኛውንም እዚያው ላኩልኝ።

እቴቴ መራመድ ጀምራለች። ቀኝ እጇ ጀበና አያነሳም፣ በግራዋ እየተለማመደች ነው። ጠዋት ጠዋት ደውዬ ኪኒኗን መዋጧን እጠይቃለሁ። እሷም ስልኩን ሳትዘጋ «አንቺ፣ የአጎትሽን... ኤዲያ፣ የወንድምሽን እርድ አምጪልኝ» ትላለች ለልጇ። ኪኒኑን ነው እንዲህ የምትጠራው።