አንበሳ ግቢ ውስጥ «ሀገር ስጡኝ!»

ክረምት ሲገባ የእናቶች ጥያቄ ያው አንድ ነው። «እነዚህን ልጆች የት ወስጄ ላናፍሳቸው?» ሜዳው ጭቃ ነው፣ ኬክ ቤቱ ኪስ ያራቁታል፣ ቤት ከዋሉ ደግሞ ቤቱ ይፈርሳል። ዛሬ የማወጋችሁ በ2011 ዓ.ም. ክረምት ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ስለዋልንባት አንዲት ቅዳሜ ነው። የሄድነው አንበሳ ለማየት ብቻ አልነበረም፤ እንቆቅልሽ ልንፈታ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰፈራችን ውስጥ ክረምት ክረምት ልጆች የምታስጠና አንዲት ጎበዝ ወጣት ነበረች። አሥራ ሁለት ልጆች ሰብስባ በአራት በአራት ከፈለቻቸውና ለየቡድኑ የታጠፈ ወረቀት አዘጋጀች። ወረቀቱ ላይ እንቆቅልሽ ተጽፏል፤ መልሱ ግቢው ውስጥ አለ። ልጆቹ ተመካክረው ፈትተው፣ እቦታው ሄደው ቆመው «ይሄ ነው!» ካሉ ቀጣዩን ወረቀት ይቀበላሉ። እኔ አንዱን ቡድን እንድጠብቅ ተመደብኩ። «አንዲት ቃል እንዳትተነፍስላቸው!» ተብዬ ነው ታዲያ።

ከቡድኔ አንዷን ሚጡ ብለን እንለፋት። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ጠዋት እናቷ ወደ ጎን ጠራ አደረገችኝና «ወንድምዬ፣ ሆዴን ካለችህ አትደንግጥ፤ ትምህርት ቤት ስትሄድም እንዲሁ ነች» አለችኝ። ልጅቷ መልሱን እያወቀች እጇን አታወጣም። የቃል ጥያቄ ሲመጣማ ምላሷ ይተሳሰራል። መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ልትቀይር ነው፤ አዲሱ ደግሞ በቃል ፈትኖ ነው የሚቀበለው። እናትየዋን እንቅልፍ የነሳት ይኸው ነው። «አንዴ እንኳ ሰው ፊት ስትናገር ሰምተህ ብትነግረኝ» ብላ ሸኘችን።

ስለ ቦታው ትንሽ ልበላችሁ። አንበሳ ግቢ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን፣ እንደ ፈረንጆቹ በ1948 የተቋቋመ ነው። እኛ በገባን ጊዜ አንበሶቹ በክብ የተሠራ ፍርግርግ ቤት ውስጥ ነበሩ፤ ሰው ዙሪያውን እየዞረ ያያቸዋል። የወንዶቹ ጎፈር ጠቆር ያለ ነው፤ አንገት ላይ ሳይቆም ደረትና ሆዳቸው ድረስ ይወርዳል። በፈረንጆቹ 2012 ከጀርመን ላይፕዚግና ከእንግሊዝ ዮርክ የመጡ ተመራማሪዎች ከግቢው አንበሶች የ15ቱን ናሙና መርምረው «በዘራቸው ከሌሎች የአፍሪካ አንበሶች የተለዩ ናቸው» ብለዋል። ይህን ያህል ብርቅ የሆነ ፍጥረት ሲሚንቶ ላይ ተጋድሞ ማየት እኔን ደስ አላለኝም፤ ልደብቃችሁ አልችልም። ደግሞ አንበሳ በቀን እስከ 20 ሰዓት ይተኛል። ልጆች «ሞቷል እንዴ?» ብለው እንዳያለቅሱባችሁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

የመጀመሪያው ወረቀት ተገለጠ። «ቤት አለው፣ ኪራይ አይከፍልም፤ ቤቱንም ጥሎ አይወጣም።» ሦስቱ ባንድ አፍ «ኤሊ!» አሉ። አዲስ አበባ ውስጥ የኪራይ ነገር ለልጅም ይገባዋል መሰለኝ። ሚጡ ከኋላ ሆና ጥፍሯን ትነክሳለች።

ወዲያው አንዱ አንበሳ አገሳ። ግሳቱ ሜዳ ላይ እስከ 8 ኪሎ ሜትር ይሰማል ይባላል፤ ከአጠገቡ ሲሆንማ በጆሮ ሳይሆን በደረት ነው የሚገባው። ሚጡ ጆሮዋን ይዛ ቁጭ አለች። «ሆዴን» አለች። እዚህ ላይ እኛ አዋቂዎች የምናደርገውን ታውቁታላችሁ። «ምን ያስፈራል? ተዘግቶበት የለ!» እያልን ወደ ፍርግርጉ እንጎትታለን። ያዳናት የአሥር ዓመት ኮልታፋ፣ ሰፈሩን በጩኸት የሚያውክ ልጅ ነው። «አንቺ እዚህ ሆነሽ ወረቀቱን አንብቢልን፣ እኛ ሄደን እናያለን» አላት። አይዞሽም አላላት፤ ሥራ ነው የሰጣት። ወደ 20 እርምጃ ርቀው «አልሰማንም! ጮክ በይ!» ሲሏት ደግማ አነበበች።

«ካባ ደርቧል፣ ንጉሥ ግን አይደለም፤ ደረቱ ላይ ቀይ ማኅተም አለው፤ ምሳው ሣር ነው።»

ካባ ሲባል ሰምተው «አንበሳ! ጎፈሩ ነው!» እያሉ ሮጡ። ሚጡ ወረቀቱን እያየች «አንበሳ ሣር ይበላል እንዴ?» አለች፤ ለራሷ ነው። ኮልታፋው ግን ሰማት። «ቆይ! ልክ ናት!» ብሎ ሁሉንም መለሳቸው። ተከራክረው ተከራክረው ጭላዳ ዝንጀሮው ፊት ቆሙ። ጭላዳ በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚገኝ፣ ከዝንጀሮና ጦጣ ወገን ሣር እየጋጠ በመኖር ብቸኛው ነው። ሰሜን ተራራ ወይም ደብረ ሲና ላይ ያየው ሰው ካባውንም፣ ደረቱ ላይ ያለውንም ቀይ ገላ ያውቀዋል።

ይህን ለመሞከር የግድ አንበሳ ግቢ መሄድ አያስፈልግም፤ የትኛውም መናፈሻ ይሆናል። ቡድኑ ከአራት አይብለጥ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ዝምተኛው ይደበቃል። የምትፈራ ልጅ ካለች አንድ የምትይዘው ነገር ስጧት፤ ወረቀትም እርሳስም ይሁን። የገንዘብ ሽልማት ግን አታምጡ፣ ጸብ ነው ትርፉ።

የመጨረሻው ወረቀት ሁሉንም ቡድን ጉድ ሠራ። «ማንም አላሰረውም፣ ገንዘቡን ከፍሎ ይገባል፤ ከሁሉም በላይ ይጮኻል።» ልጆቹ ፍርግርጉን ሁሉ ዞሩ፣ አጡት። አስጠኚዋ እጇን አጣምራ «ሀገር ስጡኝ!» አለች። መቼም እንቆቅልሽ ያደገበት ሰው ያውቀዋል፤ ያላወቀ ዜሮ አይሰጠውም፣ አንድ ሀገር ሰጥቶ መልሱን ይሰማል። ሆኖም ልጆቹ እልህ ያዛቸው። ኮልታፋው «ትንሽ ጊዜ! ትንሽ ጊዜ!» ይላል። ዝም ዝም ሆነ።

«ደብረ ብርሃን!»

ሚጡ ናት። የአያቷ ሀገር ነው ለካ።

«ደብረ ብርሃን ሄጄ፣ ቆሎዬን ቆርጥሜ፣ ብርዱን በጋቢ ችዬ ብመለስ፣ ለካ መልሱ እናንተው ናችሁ! ሰው!» አለች አስጠኚዋ። ግቢው በሳቅ ተናጋ። ሚጡ ሳቁ ሳይበርድ «ሌላ ጠይቂን፣ እኔ ብዙ ሀገር አለኝ» አለቻት።

ማታ ለእናትየዋ ነገርኳት። «ምን አለች?» ብላ ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። መስከረም ላይ ፈተናውን ገባች። ከጥያቄዎቹ አንዱን «ይሄን አላውቀውም፣ የሚቀጥለውን ይጠይቁኝ» ብላ ጮክ ብላ መለሰች አሉ። ተቀበሏት።