250 ኦም፦ ወንድማችንን ያስጠረጠረን ሄድፎን

ሄድፎኑ ቦንጋ የገባው አንድ ሐሙስ ከመግሪብ በኋላ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ አምስት ሆነን ካርቶኑን ከበብነው። ስምንት ወር ሙሉ ያዋጣንበት ዕቃ ነው። ከጅዳ ለእረፍት የመጣ ወንድማችን ከሻንጣው የራሱን ልብስ ቀንሶ ነበር ቦታ ያበጀለት። ቢስሚላህ ብለን ከፈትነው፣ ከመቅረጫችን ጋር ሰካነው፣ ድምፁን እስከ መጨረሻ ከፍ አደረግነው። የሚሰማው ግን እንደ ሹክሹክታ ያለ ነገር ነበር።

ለትንሽ ጊዜ ማንም አልተናገረም። ከዚያ አንዳችን «ፌክ ነው» አለ።

የወንድማችንን ስም አልጠራንም፤ መጥራትም አላስፈለገንም። የሁላችንም ሐሳብ የሄደው ወደ አንድ ቦታ ነው። ገንዘቡን በእጁ ሰጥተነዋል፣ ደረሰኝ አልጠየቅነውም። «ምናልባት እሱንም አታልለውት ይሆናል» ያለው እንኳን «ምናልባት» የምትለዋን ቃል ጎትቶ ነው ያላት።

ሄድፎኑን የፈለግነው ለሙዚቃ አልነበረም። የቀድሞ ሸይኻችን፣ አላህ ይዘንላቸው፣ የመጀመሪያ ኪታብ ሲያቀሩ በካሴት የተቀዱ ደርሶች አሉ። ሸይኹ አማርኛውን ከካፊኖኖ ጋር እያፈራረቁ ነበር የሚያስረዱት። አንድን ነገር በአማርኛ ተናግረው የአንዳንዱ ሽማግሌ ፊት ካልፈታ ወዲያው በካፊኖኖ ይደግሙታል። ልጃቸው አሥራ አራቱን ካሴቶች በላስቲክ ጠቅልለው ለዓመታት አስቀምጠዋቸው ኖረው «እናንተ ወጣቶች ታውቁበታላችሁ» ብለው ሰጡን። ለቡናና ለጫካ የተመቸው የከፋ እርጥበት ለካሴት ጠላት ነው። ግማሾቹ ሻጋታ ይዘዋል። ከእንግዲህ ብዙ ጊዜ ሊጫወቱ እንደማይችሉ በዓይን ይታያል። ስለዚህ አንዴ፣ በደንብ መገልበጥ ነበረብን። ለዚያ ደግሞ ከዝናቡ ድምፅ የሚለየንና በካሴቱ ውስጥ ያለውን ሁሉ የሚያሰማን ማዳመጫ ያስፈልገን ነበር።

የመረጥነው ራሳችን ነን። ይህን ልብ በሉልን። ቤየርዳይናሚክ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ዲቲ 770 ፕሮ የሚባለውን ሄድፎን በ32፣ በ80 እና በ250 ኦም ይሠራል። ስቱዲዮ ያላቸው ሰዎች እንደሚጠቀሙበት አነበብን። ኦም ምን እንደሆነ ከመካከላችን የሚያውቅ አልነበረም። «ቁጥሩ ትልቅ የሆነው ይሻላል» ተባለ፣ እጅ ወጣ፣ 250 አለፈ። ስልክ ስንገዛ የሜሞሪውን ቁጥር እንደምናየው ማለት ነው። ለወንድማችን የላክንለትም «250 የሚለውን አደራ» የሚል መልእክት ነው፤ መልእክቱ እስከ ዛሬ ስልካችን ላይ አለ። እሱም እንዳልነው አደረገ።

ዕቃው ውድ ስለሆነ «ፌክ» ብለን አልጣልነውም። ሥራውን በእሱው ጀመርን። ድምፁ ስላነሰን በመቅረጫዋ ላይ የመግቢያውን መጠን ከፍ አደረግነው። ያን ጊዜ በሄድፎኑም ሸይኹ ትንሽ ቀረብ ብለው ተሰሙን። ደስ አለን። ቀዩዋ መብራት ብልጭ ብልጭ ስትል «ካሴቱ አርጅቷል» አልን። መሰነጣጠቁንም ለሻጋታው ሰጠነው። አምስተኛውን ካሴት ቀድተን ወደ ኋላ ስናጠነጥን ቴፑ ክሩን በላው። ሁለት ቦታ ተበጠሰ። የተበጠሰውን በስኮች አያያዝነው፤ የተጨማደደው ሃያ ደቂቃ ያህል ግን ከዚያ በኋላ የሚያሰማው የወረቀት መፍተልተል ብቻ ነው። ከዚያ ሃያ ደቂቃ የቀረን እኛ የቀዳነው ቅጂ ነው።

በአሥራ አንደኛው ቀን ጅማ ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪካል ምህንድስና የሚማር የሰፈራችን ልጅ ለእረፍት መጣ። ሄድፎኑን አንስቶ አየና «ይህ የት አግኝታችሁት ነው? ጥሩ ዕቃ ነው» አለ። ፌክ መሆኑን ስንነግረው ሳቀ። ደብተር አወጣ።

ነገሩን በራሳችን ቋንቋ እንንገራችሁ። በሄድፎን ውስጥ ከቀጭን ሽቦ የተጠመጠመ ጥቅል አለ። ኦም የሚባለው ያ ጥቅል የኤሌክትሪኩን ፍሰት የሚያግድበት መጠን ነው። የ250 ኦሙ ሽቦ ቀጭን ነው፣ ዙሩም ብዙ ነው። ስለዚህ ብዙ ፍሰት አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ከፍ ያለ ቮልት ነው። ስልክና ትንንሽ መቅረጫዎች ደግሞ በትንሽ ባትሪ የሚሠሩ ስለሆኑ ቮልታቸው ዝቅተኛ ነው። ልጁ የእኛን መቅረጫ በመለኪያ ለካና ትልቁ ድምፅ ላይ 0.3 ቮልት ገደማ አገኘ። ጉልበቱን ለማወቅ ቮልቱን በራሱ አባዝቶ ለኦሙ ማካፈል ነው። 0.3 በ0.3 ሲባዛ 0.09፣ ለ250 ሲካፈል ከግማሽ ሚሊዋት በታች። ይህ ሄድፎን በአንድ ሚሊዋት 96 ዴሲቤል ይሰጣል ተብሎ ተጽፎለታል። እኛ የምናገኘው እንግዲህ ቢበዛ 92 ያህል ነው። እሱም የድምፁ ጫፍ ነው። የሰው ንግግር በአማካይ ከጫፉ 15 እና 20 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ ይሄዳል። አሮጌ ካሴት ሲሆን፣ በዚያ ላይ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ የቦንጋ ዝናብ ሲታከልበት፣ ሹክሹክታ ይሆናል።

«ቁጥሩ ትንሽ የሆነውን ብትገዙ ኖሮስ?» አለና ሌላ አሰላ። ኦዲዮ ቴክኒካ ኤም 50 ኤክስ 38 ኦም ነው፤ በአንድ ሚሊዋት 99 ዴሲቤል ይሰጣል። ያችው 0.3 ቮልት ለእሱ ከ2 ሚሊዋት በላይ ስለምትሆን ድምፁ 102 ያልፋል። ልዩነቱ ከ10 ዴሲቤል በላይ ነው፤ ይህ ለጆሮ እጥፍ ያህል ሆኖ ይሰማል። ያለ ምንም ተጨማሪ ዕቃ፣ በዚያችው መቅረጫ!

ከዚህ ተነስተን «እንግዲያው ኦሙ ሲያንስ ቀላል፣ ሲበዛ ከባድ ነው» ልንል ስንል አስቆመን። ሃይፋይማን የሚባል ኩባንያ የሠራው ኤችኢ-6 የሚባል ሄድፎን አለ፤ 50 ኦም ብቻ ነው። ግን በአንድ ሚሊዋት የሚሰጠው 83.5 ዴሲቤል ነው። የእኛው የ250 ኦም ዕቃ በ4 ሚሊዋት የሚደርስበት 102 ዴሲቤል ላይ ለመድረስ እሱ 70 ሚሊዋት ገደማ ይፈልጋል። አምፕሊፋየር የግድ የሚለው ይሄኛው ነው። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ ኦሙን ብቻ አይታችሁ አትወስኑ። ከጎኑ የተጻፈውን ዴሲቤልም እዩ፤ ዴሲቤሉ በሚሊዋት ይሁን በቮልት የተለካ መሆኑንም ለዩ፣ ሁለቱ አንድ አይደሉምና። ከዚያ የምትሰኩበት ዕቃ ስንት ቮልት እንደሚያወጣ ጠይቁ።

ታዲያ 250 ኦም ለምን ይሠራል? ቀጭን ሽቦ ቀላል ነው፤ ቀላል ጥቅል ፈጥኖ ይንቀሳቀሳል ይላሉ። ከዚያ ይልቅ አሳማኝ ሆኖ ያገኘነው የድሮ ስቱዲዮ አሠራር ነው። በአንድ አምፕሊፋየር ላይ አሥር ሄድፎን ጎን ለጎን ቢሰካ 250ው ወደ 25 ኦም ይወርዳል፤ አምፕሊፋየሩ ያንን ይችለዋል። 32 ኦም የሆኑት አሥሩ ቢሰኩ ግን 3.2 ይሆንና ይከብደዋል። ሌላም አለ፤ አንዳንድ አሮጌ ቴፖችና አምፕሊፋየሮች በሄድፎን መውጫቸው ላይ ራሳቸው ከመቶ ኦም በላይ እገዳ አላቸው። ዝቅተኛ ኦም ያለው ሄድፎን እዚያ ላይ ሲሰካ የድምፁ መልክ ሊለወጥ ይችላል፣ ከፍተኛው ግን ብዙም አይነካም። ቁጥሩ የጥራት ደረጃ ሳይሆን የቦታ ጉዳይ ነው። እኛ ያለንበት ቦታ ደግሞ ስቱዲዮ አልነበረም።

«አምፕሊፋየር ያስፈልገው ይሆናል» የምትለዋን ቃል ሲሰማ አንዱ ወንድማችን ዓይኑ በራ። «የመስጂዱ አለ አይደል!» አለ። ለእኛ አገር ሰው አምፕሊፋየር ማለት ያ ነው፣ አዛን የሚያወጣው። አትሳቁበት፤ ልጁ ባይኖር ኖሮ ኢማሙን ለማስፈቀድ ልንሄድ ነበር። የመስጂድ ጥሩንባ የሚነዱት ብዙዎቹ አምፕሊፋየሮች መውጫቸው እስከ 70 ወይም 100 ቮልት ነው። 100 ቮልት 250 ኦም ላይ ሲያርፍ 40 ዋት ይሆናል። ሄድፎኑ የሚችለው ግን 100 ሚሊዋት፣ ማለትም የአንድ ዋት አንድ አሥረኛ ነው። በአንድ «አላሁ አክበር» የስምንት ወር መዋጮ ጭስ ይሆን ነበር። ጆሮው ላይ ያደረገውን ሰው ሳንጨምር ማለት ነው።

ጆሮን ካነሳን፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው 80 ዴሲቤልን በሳምንት ከ40 ሰዓት ላለማለፍ ነው። ድምፁ ከፍ ባለ ቁጥር ሰዓቱ በፍጥነት ያጥራል። አምፕሊፋየር ስትገዙ የምትገዙት ይህንን መስመር በቀላሉ የማለፍ አቅምም ነው። ዝናብን በድምፅ ለማሸነፍ ከመሞከር ዙሪያውን የሚዘጋ ሄድፎን መያዝ ይሻላል። የእኛው ዲቲ 770 ዝግ ነው፣ እዚያ ላይ አልተሳሳትንም። የዚያው ቤት ዲቲ 990 እና የዘንሃይዘሩ ኤችዲ 600 ግን ክፍት ናቸው። ጸጥ ባለ ክፍል ይወደሳሉ፤ ቆርቆሮ ሥር ግን ዝናቡን ከእናንተ ጋር ያስቀምጡታል።

ለንግግር፣ ለቂርኣት፣ ለቪዲዮ ሥራ የሚፈልግ ልጅ ቢጠይቀን ዝግ የሆነ፣ ከ32 እስከ 80 ኦም ያለውን ውሰድ እንለዋለን። የተረፈህን ለማይክ አድርገው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል። እንዲህ ባለ ዘመን መጀመሪያ ሄድፎን፣ ከዚያ እሱን የሚያናግር አምፕሊፋየር መግዛት ለኛ ብጤ ቅንጦት ነው። ግድግዳ ላይ የሚሰካው ደግሞ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ ሲመጣም አንዳንዴ የእምምታ ድምፅ ይዞ ይመጣል።

ከዚያ በኋላ የቀረው ነገር ወንድማችን ነበር።

በማግስቱ ከዒሻ በኋላ አምስታችንም ቤቱ ሄድን። ቡና ቀረበ። ማን ይጀምር ተባብለን መጨረሻ ላይ ታላቃችን ነገረው፤ ሄድፎኑ ደህና እንደሆነ፣ ጥፋቱ የእኛ ምርጫ እንደሆነ፣ እኛ ግን እሱን እንደጠረጠርነው፣ እሱ በሌለበትም እንዳወራን። ዐውፍ በለን አልነው። ስኒውን አስቀመጠ።

«ስንት ቀን ነው?»

«አሥራ አንድ።»

«በየቀኑ መስጂድ ሰላም ትሉኝ ነበር እኮ» አለ።

መልስ አልነበረንም። ብዙ ከቆየ በኋላ «ዐውፍ ብያለሁ» አለ፤ ቡናውን ግን አልጨረሰውም። ስንወጣ በሩ ላይ ጠራንና «ምን ነበር የጎደለው ያላችሁት?» ብሎ ጠየቀን። ቮልት አልነው። ከኪሱ ለስልኩ የሚጠቀምባትን ትንሽ ነጭ የአፕል ታይፕ ሲ ማገናኛ አወጣ። «ይቺ ትሆናለች?»

ሆነች። አሜሪካ ውስጥ በ9 ዶላር የምትሸጥ ዕቃ ናት። ለአውሮፓ ገበያ የምትሠራው ግማሽ ቮልት ገደማ ነው የምታወጣው፣ ሌላዋ ግን አንድ ቮልት ያህል። ልጁ ኮምፒዩተር ላይ ሰክቶ ለካት፤ አንድ ቮልት ልትሞላ ትንሽ ይቀራታል። አንዳንድ አንድሮይድ ስልክ ላይ ድምፅዋ ያንሳል፣ ኮምፒዩተር ላይ ግን ሙሉ ናት። አንድ ቮልት ለ250 ኦም 4 ሚሊዋት ነው፤ ሄድፎኑ ያን ቀን ድምፁ ወጣ። የፈራነው አምፕሊፋየር ሳይገዛ ቀረ። ቀሪዎቹን ካሴቶች መጠኑን በዓይን እያየን፣ ቀዩዋን መብራት እየሸሸን፣ እንደ አዲስ ቀዳናቸው። የቀዳነውን በኮምፒዩተሩ እያዳመጥን አጣራን።

የሸይኹን ልጅ እናታችንን ጠርተን አሰማናቸው። ሄድፎኑን ከሻሻቸው በላይ አደረግንላቸው። አራቱን ካሴቶች ከየቦታው ሲሰሙ ከንፈራቸው አብሮ ይንቀሳቀስ ነበር። አምስተኛው ላይ ሲደርሱ ፊታቸው ተቀየረ። ሄድፎኑን ከአንድ ጆሯቸው አነሱ።

«አባቴ እንዲህ አይጮኽም ነበር» አሉ።

እኛ ያስጮኽናቸው መሆኑን ነገርናቸው፤ መጠኑን፣ ቀዩዋን መብራት፣ የተበላውን ክር። ሁሉንም የገባቸው አልመሰለንም። ሄድፎኑን መልሰው አደረጉና ያንን ሃያ ደቂቃ እስከ መጨረሻው ሰሙት። ከዚያ «ስድስተኛውን አምጡ» አሉን።